በሚኒሞ ቻርጅ የማያደርግ ዲናሞ፦ ከመቀየርህ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የ1998 ሞዴል ኮሮላ አለኝ፣ ራይድ እሠራበታለሁ። ማታ ትራፊክ ላይ ስቆም መብራቱ ይደበዝዛል። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የምትሰካ ትንሽ የቮልት ማሳያ ገዝቻለሁ። መብራት አብርቼ ስቆም 12.4 ትላለች። ቤንዚን ስሰጠው ወዲያው 14.1 ትገባለች። እግሬን ሳነሳ ተመልሳ ትወርዳለች። ባትሪው አዲስ ነው። ዲናሞው አምና ተበላሽቶ ከሶማሌ ተራ ሌላ ገዝተን ተክተናል። ኤሌክትሪሺያኑ ይህም ይቀየር ይላል። ልቀይረው ወይ?»

ገና አትቀይረው። የጻፍካቸው ሁለት ቁጥሮች ብዙ ነገር ይናገራሉ፤ አንዱ በሚኒሞ፣ ማለትም ቤንዚን ሳትሰጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ ሌላው በፍጥነት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ዲናሞውን ዝም ብሎ አልጠረጠረም። ነገር ግን ዲናሞው ውስጥ በርካሽ የሚቀየር ዕቃ አለ። ከውጭም ጤነኛውን ዲናሞ የሚያደክም ነገር አለ። እኔ የምፈራው ሌላ አሮጌ ዲናሞ ገዝተህ ያው ችግር ተከትሎህ እንዳይመጣ ነው።

መጀመሪያ 14.1ን እንያት። መብራት በርቶ፣ ቤንዚን ተሰጥቶ 14.1 ከገባች ሬጉሌተሩ፣ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ሥራውን ያውቃል። ቶዮታ ለእንዲህ ዓይነት መኪኖች ሞተሩ በደቂቃ 2000 ዙር ሲዞር ከ13.2 እስከ 14.8 ቮልት ጤነኛ ነው ይላል። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ወፍራም ገመድና የሞተሩ ማሳም (ሞተሩን ከባትሪው ኔጋቲቭ የሚያገናኘው) ከባድ ችግር የለባቸውም። ለምን ብትል፣ ገመዱ ቢላላ ወይም ማሳው ቢዝግ ቮልቱ ቤንዚን በመስጠት አይድንም። የበራው መብራት ያው ነው፣ የሚያልፈው አምፔርም ያው ነው፤ ስለዚህ በፍጥነትም ያው ቮልት ይጎድላል። ያንተ ግን ይድናል። ገመድና ማሳን ለጊዜው እንተዋቸው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ማሳያህ የምትለካው ባትሪውን ሳይሆን ሲጋራ ማቀጣጠያው ጋ የደረሰውን ነው። መሃል ላይ ቁልፉ አለ፣ ፊውዝ አለ፣ ቀጭን ሽቦ አለ። ማራገቢያውና የስልክ ቻርጀሩ አብረው ሲሠሩ ግማሽ ቮልት ድረስ ልትሸውድህ ትችላለች። ስለዚህ ቴስተር ተዋስ። ጫፎቹን ባትሪው ላይ አድርግ፤ ገመዱን የያዘው ብረት ላይ ሳይሆን ከባትሪው የወጣው የእርሳስ ጫፍ ራሱ ላይ። ጠዋት መኪናው ሳይነሳ ወደ 12.6 ካነበብክ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሹ ባዶ ነው። አዲስ ነው ብለህ አትመነው፤ በቻርጀር አስሞላውና ከዚያ ለካ። ባዶ ባትሪ የዲናሞውን አምፔር ስለሚስብ የሚኒሞውን ንባብ ወደ ታች ያወርደዋል። ጤነኛውን ዲናሞ በሽተኛ ያስመስለዋል።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሳና አሙቀው። መብራት፣ ማራገቢያ፣ ኤሲ፣ ሬዲዮ፣ ሁሉንም አጥፋ። በሚኒሞ ከ13.8 እስከ 14.4 መካከል መቀመጥ አለበት። ሞተሩ በጣም ሲግል 13.6 ቢሆን አትደንግጥ፤ ሬጉሌተሩ ሙቀት ሲጨምር ቮልቱን ዝቅ እንዲያደርግ ሆኖ ነው የተሠራው። ሁሉም ጠፍቶ 13 ካልሞላ ግን በሽታ አለ።

ሁሉም ሲበራ መውረዱ የግድ በሽታ አይደለም። ዲናሞው ላይ 80 አምፔር ተብሎ ቢጻፍ፣ ያ ሮተሩ (ዲናሞው ውስጥ የሚዞረው ክፍል) በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር የሚሰጠው ነው። በሚኒሞ ሮተሩ 2000 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ያን ጊዜ የሚሰጠው የዚያን ግማሽ ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከግማሽ ያንሳል። ወጪውን ደግሞ ቁጠረው። የፊት መብራቶቹ እያንዳንዳቸው 55 ዋት ናቸው፤ ሁለቱ ወደ 9 አምፔር ይወስዳሉ። ሞተሩ ራሱ ለቤንዚን ፓምፕ፣ ለካንዴላና ለኢንጀክተር ወደ 10 ይበላል። ማራገቢያው በመጨረሻው ቁጥር ከ10 በላይ ነው። የኋላ መስታወት ማሞቂያውም እንደዚያው። የራዲያተሩ ቬንትሌተር ሲነሳ ሌላ 10 ገደማ። ፍሬን ረግጠህ ስትቆም የኋላ መብራቶቹ ወደ 3 ተኩል ይጨምራሉ። የሐምሌ ምሽት ነው እንበል። ዝናብ ይጥላል፣ መጥረጊያው ይሠራል፣ መስታወቱ እንፋሎት ይዞታል፣ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ሰልፍ ላይ ቆመሃል። እንዲህ ባለው ሰዓት አዲስ ዲናሞም 13 መያዝ ሊያቅተው ይችላል።

አንተ ግን መብራት ብቻ አብርቼ ነው ያልከው። እሱ ከሞተሩ ፍጆታ ጋር 20 አምፔር ገደማ ነው። ይህ ለዚያ ዲናሞ በሚኒሞም ቢሆን ቀላል ነው። 12.4 መውረዱ ጤና አይደለም።

አሁን አንድ ሙከራ አድርግ። ሞተሩን አጥፍተህ እንደገና አስነሳ። ቤንዚን ሳትነካ ቮልቱን እይ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ እስከ 2500 ዙር ስጠውና እግርህን አንሳ። በሚኒሞም 14 ላይ ከቀረ ችግሩ የመነሻ ነው። ዲናሞው ለመጀመር የምታስፈልገውን ትንሽ ኤሌክትሪክ አላገኘም፤ በዙር ብዛት ግን ራሱን አስነሳ። እንደ ቮልስዋገን ባሉ የቆዩ የአውሮፓ መኪኖች ያቺ ኤሌክትሪክ የምትመጣው በዳሽቦርዱ የባትሪ አምፖል በኩል ነው። አምፖሏ ስትቃጠል ወይም ለማማር ተብሎ በኤልኢዲ ስትተካ ዲናሞው ይተኛል። ያንተ ጉዳይ ግን ይህ አይመስልም። እግርህን ስታነሳ ይወርዳል ብለሃል፤ የቶዮታው ሬጉሌተርም ከቁልፉ የሚመጣ የራሱ ሽቦ አለው። እዚያ ላይ ጊዜ አናጥፋ።

ታዲያ ለምን በሚኒሞ ብቻ? የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሮተሩ መግነጢስ የሚሆነው በካርቦኖቹ፣ ማለትም የሮተሩን ቀለበቶች እየነኩ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፉት ትንንሽ ቁራጮች፣ በኩል በሚገባለት ኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ ፈጥኖ ሲዞር ሬጉሌተሩ ይህን ኤሌክትሪክ ይቀንሰዋል፤ ዙሩ ብዙ ስለሆነ ትንሽ መግነጢስ ይበቃል። በሚኒሞ ግን ያለውን ሁሉ ይለቅለታል። ስለዚህ ውስጥ ያለው ድክመት ስትነዳ ይሸፈናል፣ ስትቆም ይጋለጣል። በቁጥር እንየው። የዚህ ሮተር ጥቅል ሽቦ 3 ኦም ገደማ ነው። 12 ቮልት ሲደርሰው 4 አምፔር ይወስዳል። ያለቀ ካርቦን ወይም የቆሸሸ ቀለበት 1 ኦም ብቻ ቢጨምርበት ወደ 3 አምፔር ይወርዳል። ሩቡ ሄደ ማለት ነው። በ3000 ዙር ይህን ማንም አያውቅብህም።

እንግዲህ የቀረን ሁለት ነገር ነው። ሮተሩ በቂ ዙር እያገኘ ነው ወይ? ካገኘስ ውስጡ ጤነኛ ነው ወይ?

ከውጭ እንጀምር፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ሚኒሞውን እይ። ሞተሩ ሞቆ ከ700 እስከ 800 መሆን አለበት። መብራት ስታበራ ወደ 550 ከወረደና መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጥፋቱ የዲናሞው አይደለም። ትሮትሉ (የሞተሩ አየር መግቢያ በር) ጥቀርሻ ይዟል፣ ወይም የሚኒሞ ቫልቩ ተጣብቋል። ይጸዳል፣ ይስተካከላል። አንዳንዱ ግን ከማጽዳት ይልቅ ሚኒሞውን 1000 ላይ አድርጎ ይሸኝሃል። ቮልቱ ያምራል፤ ቤንዚንህ ግን ቆመህ ያልቃል። እንዲህ አድርጎ «ዳነ» የሚልህን አትመን።

ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ችግሩ ካልጮኸ ደህና ነው ብለው ማለፋቸው ነው። ባለ መስመሩ ቺንጊያ ሳይጮህም ይንሸራተታል። ሞተሩ ጠፍቶ የዲናሞውን ፑሌጃ (ቺንጊያው የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት) በእጅህ ለማዞር ሞክር። ቺንጊያው ሳይነቃነቅ ፑሌጃው ከዞረልህ ላልቷል። ቺንጊያውን ጠምዘዝ አድርገህ ውስጡን እይ፤ እንደ ተወለወለ ጫማ ካበራ ዕድሜው አልቋል፣ ማጥበቅ አያድነውም። ካጠበቅከውም በልክ ይሁን። በአውራ ጣት ጠንከር አድርገህ ስትጫነው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ይስጥ። እንደ ክራር ጅማት የሚወጥሩት አሉ፤ ያኔ የዲናሞውን ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን) ነው የሚበሉት።

ጥያቄህን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ግን «ከሶማሌ ተራ ሌላ ገዝተን» ያልከው ላይ ነው። ሶማሌ ተራን ለመውቀስ አይደለም፤ ሁላችንም እዚያው ነው የምንሄደው። ያ ዲናሞ ከየትኛው ሞተር እንደተፈታ ግን ማን ያውቃል? ቶዮታ የሚመሳሰል ዲናሞ በብዙ ሞተር ላይ ይጠቀማል። የብሎን ቀዳዳው ይገጥማል፣ ሶኬቱ ይገባል፣ መኪናው ይነሳል። ፑሌጃው ግን ሊለይ ይችላል።

ሂሳቡን እይ። የሞተሩ ፑሌጃ ወርዱ (የክቡ ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ) 14 ሴንቲሜትር፣ የዲናሞው 5.5 ነው እንበል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ዲናሞው ሁለት ጊዜ ተኩል ይዞራል። በ750 ሚኒሞ ሮተሩ 1900 ዙር ያገኛል። የተገዛው ዲናሞ ፑሌጃ 7 ሴንቲሜትር ከሆነ ግን የሚያገኘው 1500 ብቻ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ዲናሞ ግን ቻርጅ ማድረግ የሚጀምረው ገና በ1000 እና በ1500 መካከል ነው። እዚያ አካባቢ እያንዳንዱ መቶ ዙር ዋጋ አለው። መንገድ ላይ ስትሮጥ ሮተሩ 5000 ዞረ 6000 ዞረ አይታወቅህም፤ 14.1ን ታያለህ። ስትቆም ግን ጉዱ ይወጣል።

መለካቱ ቀላል ነው። ካሊፐር ከሌለህ ፑሌጃው ዙሪያ ወረቀት ጠቅልል፣ የተገናኘበት ላይ ምልክት አድርግ፣ ዘርግተህ በማስመሪያ ለካና ለ3.14 አካፍለው። የድሮው ዲናሞ ጋራዡ ጥግ ተጥሎ ካለ ደግሞ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፤ በዓይን ይታያል። የመስመሮቹንም ብዛት ቁጠር። ባለ አራት መስመር ቺንጊያ ባለ አምስት መስመር ፑሌጃ ላይ ይሄዳል፤ አሰላለፉ ከሳተ ግን ጠርዙ እየተበላ ነው።

ፑሌጃው ትክክል ከሆነ ዲናሞው ይውረድ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ገመድ መኪናው ተዘግቶም ኤሌክትሪክ አለው። መፍቻህ ከሞተሩ ብረት ጋር ቢያገናኘው እሳት ነው።

የኋላ ክዳኑን ስታነሳ ሁለቱን ካርቦኖች ከነያዣቸው ታገኛቸዋለህ። አዲስ ሲሆኑ ከያዣቸው 10.5 ሚሊሜትር ይወጣሉ። ቶዮታ 1.5 ሲደርሱ ይቀየሩ ይላል። እኔ 4 ወይም 5 የደረሰውን መልሼ አልገጥምም። ዲናሞ ካወረድክ አይቀር ለካርቦን የምትሰስትበት ምክንያት የለም፤ ዋጋው ከዲናሞ ጋር አይወዳደርም። ደግሞ ርዝመት ብቻ አትይ። ካርቦኑን በጣትህ ጫን አድርገህ ልቀቀው። ወዲያው ተስፈንጥሮ መውጣት አለበት። አንዱ ቀስ ብሎ ከወጣ ወይም መሃል ላይ ከቀረ የምትፈልገውን አገኘህ። የካርቦን ዱቄትና ዘይት ተቀላቅለው ጥቁር ጭቃ ይሠሩና ይይዙታል። እንዲህ ከሆነ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ፈልግ፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ የሚያንጠባጥብ ከሆነ አዲሱንም ካርቦን ያበላሽብሃል።

ካርቦኖቹ የሚሄዱባቸውን ሁለት የመዳብ ቀለበቶችም እይ። ጠቁረው ከሆነ ሮተሩን እያዞርክ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዳቸው። ጥፍርህ የሚይዝበት ቦይ ከሠሩ ግን በወረቀት አይድኑም። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገህ ከቀለበት ወደ ቀለበት ለካ፤ 3 ገደማ ይሁን። ከቀለበት ወደ ሮተሩ ዘንግ ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ጥቅሉ ማሳ ነክቷል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪሺያንህ ትክክል ነው፣ ዲናሞው ይቀየር።

ካርቦኑ ደህና ሆኖ ካገኘኸው ዳዮድ፣ የዲናሞውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ባትሪው ወደሚቀበለው ቀጥተኛ የሚቀይረው ዕቃ፣ ይቀራል። ቢያንስ ስድስት ናቸው። አንዱ ሲሞት ዲናሞው በፍጥነት 14 ማሳየቱን ላያቆም ይችላል፤ በሚኒሞ ግን አቅሙ በጣም ይወርዳል። መብራቱ ከመደብዘዝ አልፎ ይርገበገባል። ሬዲዮው ከሞተሩ ዙር ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት ያሰማል። አንዳንዴም ባትሪው ባደረበት ያልቃል። ይህን ዲናሞው ሳይወርድም ማወቅ ይቻላል። ሞተሩን አስነስተህ፣ መብራት አብርተህ ቴስተሩን የቤት ኤሌክትሪክ ወደሚለካበት፣ ወደ ተለዋዋጩ ቮልት ቀይረውና ባትሪው ላይ ለካ። ከ0.1 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ0.5 በላይ ከሆነ ዳዮዶቹን ጠርጥር። ታዲያ ይህን በደህና ቴስተር አድርገው። ቢጫዋ ርካሽ ቴስተር እዚህ ላይ አትታመንም፤ ጤነኛ ባትሪ ላይ 30 ቮልት ብላ ታስደነግጥሃለች፣ ጫፎቹን ስታገላብጥ ደግሞ ዜሮ ትላለች።

አንድ ነገር አደራ። «ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን እንንቀለው፤ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እምቢ በል። በካርቡሬተር ዘመን የቀረ ልማድ ነው። ባትሪው ሲነቀል የዲናሞው ቮልት ለቅጽበት ከ40 በላይ ሊዘል ይችላል። ሬጉሌተሩን፣ ዳዮዶቹን፣ ከባሰም የሞተሩን ኮምፒዩተር ይዞ ይሄዳል። ደግሞም ላንተ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ዲናሞው በሚኒሞ ደካማ እንደሆነ ቀድመን አውቀናል፤ የቸገረን ምክንያቱ ነው።

እስክታሠራው ድረስ ማታ መሥራትህ ካልቀረ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን እንፋሎቱ እንደለቀቀ አጥፋው። ማራገቢያውን ወደ አንድ ወይም ሁለት አውርደው። ረጅም ሰልፍ ላይ ማርሽ አውጥተህ በእጅ ፍሬን ቁም፤ የፍሬን መብራቱ ይጠፋል። የፊት መብራት ግን አታጥፋ፤ ለቮልት ብለህ ሰው እንዳትገጭ። ስልክህ ምንም አይጎዳም፣ የሚወስደው ትንሽ ነው። በሳምንት አንድ ሌሊት ባትሪውን በቻርጀር ብታስሞላው ደግሞ ጥሩ ነው። ከ12.4 በታች እየዋለ የሚያድር ባትሪ ውስጡ ሰልፌት ይይዛል፤ አዲሱን ባትሪህን በዚህ ምክንያት እንዳታጣው።

በመጨረሻ መግዛት ግድ ከሆነብህ ሙሉውን ዲናሞ አስፈትሽ። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ አሮጌ ዲናሞ ከመኪና መኪና እየዞረ ነው፤ ያልተፈታ ያልታሰረ አታገኝም። ሻጩ ፊት ለፊት ዘንጉን በእጅህ አዙር፤ ኩሽኔታው ከጮኸ ወይም ከተንገጫገጨ ተወው። ካርቦኑን አስከፍተህ እይ። ፑሌጃውን ከያዝከው ጋር አስተያይ። ትልቅ አምፔር ተጽፎበታል ብለህ አትጓጓ፤ 100 የሚለው ዲናሞ በሚኒሞ ከ70ው ያነሰ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ትልቁ ቁጥር የሚነግርህ ስትሮጥ ስለሚሰጠው ነው፤ ያንተ ችግር ደግሞ ስትቆም ነው።

ከፑሌጃው ጀምር። ለክተህ አራት ቁጥር ጻፍልኝ፦ ሁሉም ጠፍቶ በሚኒሞ ስንት ቮልት፣ መብራት ብቻ በርቶ በሚኒሞ ስንት፣ ያን ጊዜ ሞተሩ በስንት ዙር ላይ እንደነበረ፣ እና የፑሌጃው ወርድ። ፑሌጃው ሰፍቶ ከተገኘና የድሮው ዲናሞ ካልተጣለ፣ የሱን ፈትቶ እዚህኛው ላይ መግጠም ይቻላል፤ የዘንጉ ውፍረት እኩል መሆኑን ብቻ አስቀድመህ አረጋግጥ።